ወንድሜን የጻፍኩበት ዓምድ

ወንድሜ በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቀን ቀን ወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ ውሃ እየለቀቀና እየዘጋ ይውላል፤ ሲመሽ ናዝሬት ተመልሶ፣ ጭቃው ከእግሩ ሳይለቅ፣ የማታ ትምህርት ቤት ይገባል። ክረምት ሲመጣ ማሳው የሰማይ ውሃ ስለሚጠግብ የወቅት ሠራተኞቹ ይሰናበታሉ፤ የማታ ትምህርቱም ይዘጋል። ያኔ እሱ ቤት ነው። ሥራ ፈታ እንዳልል ደግሞ ከሁላችንም በላይ ሥራ የሚበዛበት በክረምት ነበር።

ሥራው ፍጥረት መልቀም ነው። ጥንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ቀንድ አውጣ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጋሪ የሄደበት እባብ። የቀኑንም የማታውንም ክፍል የሚያስተምረው የባዮሎጂ መምህራችን ትንሽ ትንሽ ፎርማሊን ይሰጠዋል፤ እሱ ደግሞ ያገኘውን በጠርሙስ እየከተተ ለትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ይወስዳል። አባታችን ከከምባታ ለአገዳ ቆረጣ መጥቶ እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገችን እናታችን ናት፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር። ሆቴሉ የሚጥለውን የማርማላታ ብርጭቆ ሁሉ ለልጇ ትሰበስብለታለች፤ ከዚያ መልሳ ራሷ ትነጫነጫለች። «ሰው ቤቱን በዕቃ ይሞላል፤ የኔ ልጅ በትል ሞላው» ትላለች።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩት በባዮሎጂ አንደኛ ሆኜ ነው፤ ይህንንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። ከትምህርቱ ሁሉ የወደድኩት ምደባውን ነው። ሕይወት ያለው ነገር በሙሉ ቦታ አለው፤ ከትልቁ ክፍል ተነስቶ ወደ ትንሹ፣ ከዚያም ወደ ዝርያው እየወረደ እንደ ቤት ቁጥር ይገኛል። መምህራችን መለያ የሚለው ነገር ነበር። መለያው ይጠይቅሻል፦ የጀርባ አጥንት አለው? አዎ ካልሽ ወደዚህ፣ የለውም ካልሽ ወደዚያ። ላባ አለው? ቅርፊት አለው? እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ላይ ያደርስሻል። እኔ የምኖርበት ከተማ ውስጥ ቦታውን የሚያውቅ ነገር አልነበረም። ቸርቻችን ታሽጎ የምንጸልየው ሰው ቤት መጋረጃ ዘግተን ነው። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በራሽን እንገዛለን። እና ያ መለያ ልቤን ቢወስደው ምን ይገርማል?

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ወንድሜ ከአገዳው ቦይ በማርማላታ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ መጣ። ውስጡ ጥቁር፣ ትልቅ ራስ ያላት፣ ጭራዋን የምታወዛውዝ ነገር አለች።

«በይ በመለያሽ ሂጂበት» አለኝ።

«የጀርባ አጥንት አላት?»

«አላት።»

«በምንድን ነው የምትተነፍሰው?»

«በስንጥብ። ውሃ ውስጥ አይደለች።»

እግር የላትም፣ ጭራዋ ለዋና የተሠራ ነው፣ ይህንን በዓይኔ አየሁ። አፌን ሞልቼ «ዓሣ» አልኩት። አልሳቀብኝም፤ «እሺ፣ ዓሣሽን ጠብቂ» ብሎ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝ። በየቀኑ ውሃዋን እየቀየርኩ፣ የተቀቀለ ጎመን ቅንጣቢ እየጣልኩላት ጠበቅኩ። መጀመሪያ ከኋላ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ወጡ። ዓሣ እንዳልሆነች ገባኝ፤ ግን ኩራቴ አልለቀቀኝምና ዝም አልኩ። ከዚያ የፊቶቹ መጡ፣ ጭራዋ እያጠረ ሄደ፣ አንድ ቀን ጠዋት እናታችን ሽሮ ልትነፋ ስትል ወንፊቱ ላይ ቁጢጥ ብላ አገኘቻት። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሌባ መስሎት መጣ። ወንድሜ ያን ጊዜ ነው እስኪያነባ የሳቀው።

ሳቁ ሲያልፍ አጠገቤ ቁጭ አለ። «መለያው አልዋሸም፣ አንቺም አልዋሸሽም» አለኝ። «ያየሽው ግን የዛሬዋን ብቻ ነው። ከመጻፍሽ በፊት ትናንት ምን ነበረች፣ ነገስ ምን ትሆናለች ብለሽ ጠይቂ። ፍጥረት መንገድ ላይ ነው። ሳጥኑን የሠራነው እኛ ነን።»

እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ዝግመተ ለውጥን የተማርነው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። ያ ትምህርት እኛን መሰል ልጆች የምንፈራው ነበር፤ በፖለቲካ ትምህርት ሰዓት የሚመጣው ካድሬ «ከጭቃ ነው የተሠራሁት የምትሉ እስቲ ተነሱ» እያለ ያስቅብናል። መምህራችን እንደዚያ አላደረገም። ሰሌዳው ላይ የሰውን ክንድ፣ የሌሊት ወፍን ክንፍና የዓሣ ነባሪን መቅዘፊያ ጎን ለጎን ሥሎ፣ አጥንቶቹን አንድ በአንድ በተመሳሳይ ቀለም ጠመኔ ቀባ። የላይኛው አንድ አጥንት፣ የታችኛው ሁለት፣ ከዚያ ትናንሾቹ፣ ከዚያ ጣቶቹ። ሦስቱም ጋ አሉ። «ዝምድናውን ተመልከቱ፤ የቀረውን እቤታችሁ ተጣሉበት» ብሎ እጁን አራገፈ።

እኛ ቤት እውነትም ተጣሉበት። ወንድሜ ያንን ሥዕል ለእናታችን በከሰል ወለሉ ላይ ሣለላት።

«እና አንተ እንደምትለው እኔን ጦጣ ናት የወለደችኝ?» አለችው።

«አልወለደችሽም እማዬ። ዘመድሽ ናት እንጂ።»

«እኔ ዘመዶቼን አውቃለሁ። አርሲ ነው ያሉት።»

«ከአርሲዎቹም በፊት የነበሩ ናቸው።»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔርን ምን ልትለው ነው?»

«እንዴት እንደሠራው እጠይቀዋለሁ፤ ጊዜ አይጎድልም። ዘመድ ስለበዛልኝ ግን አላዝንም» አላት። እሷም በእጇ የያዘችውን እርጥብ ጨርቅ ወረወረችበት። ከዚያ በኋላ ጦጣ በተነሳ ቁጥር «የአክስትህ ልጅ» ትለው ነበር፤ እምነቷም አልተነካ፣ ልጇም አልተነካባት። እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ ነገሩን አጥብቄ የምይዝ ነበርኩ። ነገር ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት፤ መሐል የሚባል ቦታ አላውቅም።

ሐምሌ ላይ ቀበሌው ጽሕፈታቸው የሚያምር ተማሪዎች ፈለገ። የነዋሪው መዝገብ እንደ አዲስ ይጻፋል ተባለ። ለስኳርና ለሳሙና ራሽን ነው አሉን፤ እኛም አመንን። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። አንድ ትልቅ መዝገብ፣ አንድ ማስመሪያና ሰማያዊ ቢክ ተሰጠኝ፤ በየቤቱ እየዞርኩ በብጣሽ ወረቀት የያዝኩትን ቢሮ ገብቼ በንጹሕ እገለብጣለሁ። ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ ዓምዶች አሉ፦ ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ የቤት እመቤት፣ ጡረተኛ፣ ሥራ የሌለው። ለአንድ ሰው አንድ ምልክት። ሁለት ላይ ምልክት ከተደረገ መዝገቡ ይበላሻል ተብለናል። መለያውን በወረቀት ያገኘሁት ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ሥራው እንኳን ሊሰለቸኝ፣ ሲመሽ መነሳት ይከብደኝ ነበር።

የኛ ቤት ተራ ሲደርስ የቀበሌው ጸሐፊ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ጠና ያለ፣ ሁልጊዜ የሚያስለው ሰውዬ ነው። እናቴን ሠራተኛ ላይ፣ ራሴን ተማሪ ላይ አደረግኩ። ወንድሜ ላይ እጄ ቆመ።

«ወንድምሽ ተማሪ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«የማታ ተማሪ ነው ጓድ። አሁን ግን ተዘግቷል።»

«ሲከፈት ይገባ የለም?»

«የምዝገባው ጊዜ ገና ነው።»

«ወንጂስ አይሠራም?»

«ወቅቱ አልቆ ተሰናብቷል። በጥቅምት መልሰው ከወሰዱት ነው።»

ጸሐፊው ሄዶ በሩን ገፋ አድርጎ መለሰውና ተመልሶ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተማሪ ብትዪው ማንም አይጠይቅሽም» አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። ሰው ሊረዳኝ ይሆናል የሚል ሐሳብ በራሴ አልዞረም፤ እየፈተነኝ መሰለኝ። የጴንጤ ልጅ ውሸት ትጽፍ እንደሆነ ሊያይ ነው ብዬ አንገቴን ቀና አደረግኩ።

«ዛሬ ተማሪ አይደለም ጓድ። ውሸት ይሆናል» አልኩት።

ሰውየውም የራሱ ፍርሃት አለበት፤ ከዚህ በላይ ሊለኝ አይችልም ነበር። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ እየሳለ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እኔም የመጨረሻው ዓምድ ላይ፣ ሥራ የሌለው በሚለው፣ ቆንጆ ምልክት አደረግኩ። ዕድሜ፣ ሃያ አንድ። ገጹን አንስቼ ከሩቅ አየሁት፤ አንድም ስርዝ አልነበረበትም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ደንብ፣ የሁለት ጎረቤቶቻችንንም ልጆች እዚያው ዓምድ ላይ አስገብቻለሁ። አንዱ በጥቅምት ከወንድሜ ጋር ወንጂ የሚመለስ ነበር።

በጳጉሜ ጥሪ መጣ። ከሥራ የሌለው ዓምድ ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶች ለብሔራዊ ውትድርና ይጠራሉ ተባለ። አዳራሹ ሞላ፤ እናቶችና እኅቶች ከውጭ በመስኮት ነው የምናየው፤ እኔም ከእናቴ ጋር ቆሜአለሁ። ጸሐፊው ያንን መዝገብ ገልጦ ስም ይጠራል። ወንድሜ ሲጠራ ተነስቶ ወደ ፊት ሄደ።

«የማታ ተማሪ ነኝ» ሲል ሰማሁት። «ወሩ ሳይሞላ እመዘገባለሁ። ጥቅምት ደግሞ ሥራ እገባለሁ።»

ከጎን የተቀመጠው ሊቀመንበር «መዝገቡ እንደዚያ አይልም። መዝገቡ ሐሰት ነው ነው የምትለው? ማን ነው የጻፈው?» አለ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ገጹን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ «አይደለም፤ ልክ ነው» አለና ሄዶ ከተጠሩት ጋር ቆመ። እናቴ ክንዴን ይዛ «ለምን ዝም አለ? ለምን አይነግራቸውም?» ትለኛለች። ያን ጊዜ እንኳ ለምን ዝም እንዳለ አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ እዚያ ያቆምኩት እኔ መሆኔ ብቻ ነው።

መምህራችን በማግስቱ የማታ ተማሪ ለመሆኑ የምስክር ወረቀት ጽፎ ራሱ ይዞ ሄደ። ዘግይቷል አሉት። የተጠሩትን የሚወስዱት መኪኖች የመጡ ቀን እናታችን ዳቦ ቆሎ በከረጢት ቋጥራ ሰጠችው፤ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ሳማት። እኔን ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ «ጠርሙሶቹን ፀሐይ ላይ እንዳትተያቸው» አለኝ። ልነግረው ነበር። ወንድምጋሼ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩህ፣ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ፈሪ ነበርኩ። ይህንን ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ደብዳቤ የመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ አንድ ብቻ። ከሰሜን ነበር። እናቴ ፊደል ስለማታውቅ እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ድንጋይ ሥር የሚኖር እንሽላሊት አግኝቷል፤ ሲይዙት ጭራውን ትቶ ያመልጣል፤ ለመምህራችን እንድነግርለት ይፈልጋል። ዝንጀሮዎች እስከ ሰፈሩ አጠገብ ይመጣሉ። «እማዬ፣ ዘመዶችሽ እዚህ በጣም ብዙ ናቸው፤ በስምሽ ሰላም ብያቸዋለሁ» ይላል። እናቴ እዚህ ጋ ስንደርስ ትስቅና ወዲያው ታለቅሳለች። ቀጥሎ ለእኔ የተጻፉ አምስት መስመሮች ነበሩ፦

«ለእኅቴ። ስሜ ሲጠራ መዝገቡ ፊቴ ተከፍቶ ነበርና ጽሕፈትሽን አወቅኩት። ሐሰት ነው ብል አንቺን ይጠይቁ ነበር። ያየሽውን ነው የጻፍሽው። በልብሽ አትያዢው። እማዬ ግን ይህንን እንዳትሰማ።»

ዘለልኩት። ድምፄ እንዳይሰበር ሳልኩና ወደ ሰላምታው አለፍኩ። ከዚያ በኋላ እናቴ እሑድ እሑድ፣ ከጸሎት ስንመለስ፣ ደብዳቤውን ታስነብበኝ ጀመር። ሁልጊዜ ከዝንጀሮዎቹ ወደ ሰላምታው እዘላለሁ። ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ እስላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አደረግን። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እሱም አልመጣም፤ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት እናቴ መሠረተ ትምህርት ገባች። ቀበሌው ግዴታ ስላደረገው ነው የምትሄደው ብዬ አስብ ነበር። አንሶላ ስታጥብ የዋለ እጇ እርሳስ አልይዝ እያላት ሀ ሁ ትጽፋለች። ከፊደል ገበታው በላይ የጠቀማት ግን ያ ደብዳቤ ነው፤ ቃል በቃል በልቧ ስለምታውቀው እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እያወጣች ከመጀመሪያው እስከ ዝንጀሮዎቹ ድረስ ጣቷን ከቃሉ ጋር ታስኬድ ነበር። ይህንን የሰማሁት ቆይቼ ነው።

አንድ እሑድ እንደ ልማዳችን ደብዳቤውን ላወጣ ስል «ዛሬ እኔ ላንብብልሽ» አለችኝ። በሩ ላይ ብርሃን ወዳለበት በርጩማዋን ሳበች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለች ጀመረች። እንሽላሊቱን አነበበች። ዝንጀሮዎቹን አነበበች። ላስቆማት እችል ነበር፤ ግን አላስቆምኳትም፤ ምናልባትም ደክሞኝ ነበር፤ ነገሩ ወጥቶ ባለቀልኝ ብዬም ይሆናል። ጣቷ የማታውቀው መስመር ላይ ደረሰ። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አንድ ቃል፣ ከዚያ ሌላ ቃል። አምስቱን መስመር ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ወለሉ ላይ ወድቄ እግሯን ያዝኩ። «እማዬ» አልኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች፤ ሻካራ ነበር፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ስትናገር ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር።

«እንዳትሰማ ብሏል» አለችኝ። «አልሰማሁም።»

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖረች። አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ይቅርታ ልጠይቃት በጀመርኩ ቁጥር እንዳልሰማች ሆና ትነሳለች፤ ቃሉን ጠብቃለታለችና ላልሰማችው ነገር ይቅር ልትለኝ አልቻለችም።